ምክንያቱ ያልተጻፈለት ፈረስ

የጥርስ ሐኪሟ ደብዳቤውን የከፈተችው የሽማግሌው ድድ እስኪደነዝዝ ስትጠብቅ ነው። መርፌውን ወግታ፣ «አምስት ደቂቃ ይታገሡኝ፣ አባቴ» ብላ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችላትን ፖስታ በግራ እጇ ቀደደችው። አንዴ ቆማ አነበበችው። አንዴ ተቀምጣ አነበበችው። በሁለቱም አልዋጥልሽ አላት።

«ይድረስ ለዶክተር። የላኩት ፈረስ በደህና ደርሷል። የመመለሻ ወረቀቱ ላይ ምክንያቱን ስላልሞሉት የሚገዛው ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ነገ ከእኩለ ቀን በፊት የጡብ ፋብሪካው መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ከእንግዲህ ጋሪ ይጎትታል። እንዲያውቁት ያህል ነው። የጻፉልኝን ማስታወሻም መልሼልዎታለሁ፤ እርስዎ መመለስ ስለሚወዱ።»

ከታች ፊርማ የለውም። ፊርማ ምን ያደርጋል? ከሬት የመረረ ነገር እንዲህ በትሕትና ጠቅልሎ የሚልክ ሰው እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው። ከከተማው ዳር ባለው የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረስ የሚገራው፣ ሁሉም «ገሪው» እያለ የሚጠራው፣ እሷ ግን በሆዷ ሌላ ስም ያወጣችለት ያ ሰውዬ።

ፖስታውን ስታራግፈው አራት ቦታ የታጠፈ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ወደቀ። የራሷ ወረቀት ነው። «አልተስማማንም። ይቅርታ።» ይላል፣ በተንጋደደ ጽሑፍ።

«እርስዎ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«እርስዎን አይደለም፣ አባቴ። ሌላ ሰው ነው።»

እርስዎ! ከሰባት ወር በፊት፣ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ላይ እርስዎ ብሏታል፤ ይበል፣ ደግ አደረገ። በሦስተኛው ወር ግን አንድ ከሰዓት ዝናብ ጋጣው ውስጥ አንድ ላይ አስጠልሏቸው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እየተንጫጫ አላነጋግር ሲላቸው፣ ጆሮው ድረስ ተጠግታ «አንቺ በለኝ» ያለችው ራሷ ናት። እሱም ያቺን ቃል ለማውጣት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲያወጣት ደግሞ ወደ ፈረሱ ዞሮ፣ ለፈረሱ የሚናገር መስሎ ነበር ያወጣት። እሷ ያን ቀን መንገድ ላይ ብቻዋን ስትስቅ ሰው ዞሮ አይቷታል። አሁን ያንን «አንቺ» ከእጇ ነጠቀና «እርስዎ»ን በፖስታ ላከላት። ሰው እንዴት የሰጠውን ቃል መልሶ ይወስዳል?

ተነሳች። ጓንቷን አጠለቀች፤ ቀኝ አንጓዋ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ በጓንቱ ሸፍና መንቀያውን ጨበጠች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጥርስ የምትነቅለው በሁለት እጇ እያገዘች፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ዛሬ ንዴት አገዛት። የሽማግሌው መንጋጋ ጥርስ ባንድ ሳብታ ወጣ።

ሽማግሌው ጥጡን እንደነከሱ በደነዘዘ ከንፈራቸው፣ «ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አሉ።

ይቅርታ ጠይቃቸው፣ መድኃኒት አዘዘችላቸውና እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞራ፣ «ይሄ ፖስታ መቼ ነው የመጣው?» አለች።

«ትናንት፣ ልንዘጋ ስንል። እርስዎ ቀድመው ወጥተው ነበር።»

ትናንት። እንግዲያስ «ነገ» ያለው ዛሬ ነው። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችና ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ በሱ ተናዳ መስሏት ነበር፣ ታክሲው ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ነው እውነቱ ቁልጭ ያለላት። ያንን ፈረስ ጋሪ ላይ ያሰረችው እሷ ናት። ገሪው አይደለም፣ የጡብ ፋብሪካውም አይደለም፣ እሷ ናት።

*

ዳማው፣ መልኩ ዳማ ስለሆነ ሁሉም እንዲሁ ዳማው ይለዋል፣ ገሪው በእጁ ያሳደገው ፈረስ ነው። እናቱ ወልዳው በሳምንቷ ሞታ፣ ወተት በጠርሙስ እያጠባ፣ ክረምት የራሱን ካፖርት እያለበሰ ነው ያሳደገው። ከሱ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ገዢ በመጣ ቁጥር ገሪው ሰበብ አያጣም ነበር፤ አንዱን «እግርህ ከባድ ነው» ይለዋል፣ ሌላውን «እጅህ ፈጣን ነው» ይለዋል። የትምህርት ቤቱ ጌታ፣ ባለጋጣው፣ «ፈረስ ልሸጥ ነው ልጅ ልድር?» እያለ ይነጫነጭ ነበር።

ለእሷ ግን፣ በሠላሳ ቀን ሙከራ ስትገዛው፣ ራሱ ነው እየመራ እስከ ቤቷ ያመጣላት። «ላንቺ የሚሆን አንድ ፈረስ ነው ያለው» አላት፣ ገመዱን መዳፏ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፈላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻም። እሷም አየችው፤ እሱም አያት፤ ከዚያ ሁለቱም ደንግጠው ፈረሱን አዩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ቀኑን ሙሉ «አፍዎን ይክፈቱ» እያለች የሰው አፍ ታስከፍታለች፤ የራሷን ለመክፈት ግን ሞት ሞት ይላታል። እሱም ከእሷ አይሻልም።

እናቷ ያን ቀን በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉን ይመለከቱ ነበር። ሰፊው ግቢ የሟች አባቷ ነው፤ ከኋላው ያለው ጋጣም ከአባቷ ፈረሶች ወዲህ ባዶውን የቆየ ነው። እናቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እሱ እንዲሰማ ብለው፣ «ፈረሱ ይግባ፤ ፈረሰኛው ከበር ይመለስ» አሉ። ገሪው ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዘመም እያለ ተመለሰ። ዘመም ይላል አረማመዱ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «አዲስ ጫማ ነው፣ ጠቦኝ» ይላታል።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ እናቷ ሳይነቁ ዳማውን ጫነችው። በትምህርት ቤቱ በአሮጊቷ ግራጫ ባዝራ ላይ ሰባት ወር እንደተማረችው ግራ እግሯን እርካቡ ላይ አኖረች። ፈረሱ እሳት እንደነካው ዘለለ። ከውሃ ገንዳው ጋር አላተማት። ከሰዓት ሞከረች፣ ጣላት። በማግስቱ ሞከረች፣ ጣላት፤ ያን ጊዜ ቀኝ አንጓዋ ቀጭ ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ፈረሱ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የዓይኑ ነጭ እየታየ፣ እሷን እንደ ጅብ እያየ። ፈረስ ሰውን ይለያል ሲሉ ሰምታለች። ለየኝ አለች በሆዷ፤ እንደማልሆነው አወቀብኝ። ከአንጓዋ በላይ ያመማት ይሄ ነው።

ለማን ትናገር? ለእናቷ ብትናገር «አላልኩሽም?» ነው። ለባለጋጣው ብትናገር ደግሞ ወዮለት ለገሪው። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ «ለጀማሪ ይሆናል» ተብሎ የተፈረመለት ፈረስ ተማሪ ከጣለ የፈረመው ሰው ያን ዕለት ይሰናበታል። የፈረመው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ለጠየቃት ሁሉ «በር ዘጋብኝ» እያለች፣ የቀኝ እጇ አልጽፍ ስላላት በግራ እጇ ሁለት ቃል ጫርጭራ፣ በስምንተኛው ቀን ፈረሱን በቤቱ ሾፌር መለሰችው። ራሷ አልሄደችም። ዓይኑን ለማየት አልደፈረችም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን ነው ያለው? የእሷ ዝምታ ነቅዞ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል!

ታክሲው ውስጥ ሆና ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ያንን የፈረሱን ወረቀት ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ክፍልሽን ዘግተሽ ተኝተሽ ነበር። ምን ይጠበስ?»

«ፈርመሽ?»

«ፈርሜ ነዋ! ምክንያት የሚለውን ብቻ ባዶ ተውኩት። አንቺ አልነገርሽኝ፣ ምን ብዬ ልሙላው? ደሞ አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ? ያ ፋንድያ ዛቂ ደወለልሽ?»

«አልደወለም። ጻፈልኝ።»

«ጻፈ?» አሉ እናቷ፣ መጻፍ ለሱ የተከለከለ ይመስል። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ…»

ስልኩን ዘጋችው። በሕይወቷ የእናቷን ስልክ ጆሯቸው ላይ ዘግታ አታውቅም። ደስ አላት፤ ከዚያ ፈራች፤ ከዚያ መልሳ ተናደደች።

*

መኪናው ቆሟል። የኋላ መዝጊያው ተዘርግቶ ሁለት ጫኞች ዳማውን ኮርቻው እንደተጫነበት በገመድ ይጎትታሉ፤ ፈረሱ አራት እግሩን ተክሎ ጆሮውን አጥፎ አልገባም ይላል። ባለጋጣው ወረቀቱን ብብቱ ስር ይዞ «ግፉት እንጂ!» ይላል። ገሪው አጥሩን ተደግፎ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። የሚወደው ነገር ሲደበደብ ላለማየት ጀርባውን የሰጠ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል።

የእግሯን ኮቴ ሰምቶ ዞረ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ሱቅ ተዘጋ።

«ዶክተር። እንኳን ደህና መጡ።»

«እንኳን ደህና ቆየኸኝ» አለች። «ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀለሙ መርዝ ነበር?»

«እውነት ነው የጻፍኩት።»

«አስቁሟቸው» አለች ወደ ባለጋጣው ዞራ። «ይሄ ፈረስ ጋሪ አይጎትትም።»

ባለጋጣው ራሱን ነቀነቀ። «ዶክተር፣ ይቅርታዎን። ወረቀቱ ምክንያት የለውም። በእኛ ሥራ ምክንያቱ ያልተጻፈለት ፈረስ ማለት ጠባዩ ለመናገር የሚያሳፍር ፈረስ ማለት ነው። ሦስት ገዢ መጣ፤ ሦስቱም ወረቀቱን አይተው ሄዱ። የተመለሰ ፈረስ ማን ይገዛል?» ከዚያ ወደ ገሪው ጮኸ። «አንተ! ቆመህ ታያለህ? አንተን ይሰማሃል፤ ውጣበትና እስከ መኪናው አድርስልኝ!»

ገሪው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ጫኝ ዱላ ሲያነሳ ግን ዘመም ዘመም እያለ ደረሰ፣ ዱላውን ከሰውዬው እጅ ነጥቆ ጣለና ልጓሙን ያዘ። ፈረሱ ሲያየው ዝም አለ። እሱም ለማሰብ፣ ለመደበቅ ጊዜ አላገኘም። በቀኝ በኩል ቆመ። ቀኝ እግሩን እርካብ ላይ አኖረ። ግራ እግሩን ሳያጥፍ፣ ቀጥ እንዳለ፣ እንደ በትር ከፈረሱ ጀርባ በላይ አሻገረው።

እሷ አፏን ከፍታ ቀረች። ሰባት ወር ሙሉ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እንጂ ሲወጣ አይታው አታውቅም። ተማሪዎች ሲመጡ ሁልጊዜ ቀድሞ ኮርቻው ላይ ነው። ትጉህ ነው ስትል ነበር!

«በቀኝ ነው የወጣኸው» አለች።

«መኪናው እየጠበቀ ነው፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አትበለኝ! በቀኝ በኩል ነው የወጣኸው። ይሄ ፈረስ ከተወለደ በግራ በኩል ሰው ወጥቶበት ያውቃል?»

ገሪው ልጓሙን መዳፉ ላይ ጠመጠመ።

«ያውቃል ወይ?»

«አያውቅም።»

የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ በፋሻ የታሰረውን አንጓዋን ወደ ላይ አነሳችለት። «እኔ በግራ ነው የወጣሁት! አንተው ባስተማርከኝ በኩል! ሦስቴ ወጣሁ፣ ሦስቴ ጣለኝ!»

ገሪው ፊቱ አመድ መሰለ። ከፈረሱ ላይ የወረደው ወርዶ ሳይሆን ወድቆ ነው ማለት ይቻላል። «ጣለሽ?»

ጣለዎት አላለም። ሁለቱም ግን በዚያ ሰዓት ይሄን ልብ የሚል ልብ አልነበራቸውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብሎ ጮኸባት። እሱ ጮኾ አያውቅም ነበር። «ስምንት ቀን! ስምንት ቀን ያቺን ብጣሽ ወረቀት ይዤ ስገላብጣት! ‹አልተስማማንም!› እናትሽ በር ላይ ያሉኝን አንቺ በጽሑፍ የደገምሽልኝ ነው የመሰለኝ። ጽሑፉ ራሱ ዶሮ የጫረው! ለኔ ሁለት ቃል አስተካክሎ ለመጻፍ እንኳን ጊዜ አላገኘችም እያልኩ…»

«በግራ እጄ ነው የጻፍኩት! ቀኜ አልሠራ ብሎኝ!»

«እኔ በምን ልወቅ? የሐኪም ጽሑፍ ነው ብዬ!»

አንደኛው ጫኝ ሳቁ አመለጠው። ሁለቱም ዞረው ሲያዩት መኪናው ጀርባ ሄዶ ቆመ።

«የደበቅኩት እንዳያባርርህ ብዬ ነው» አለች። «አንተን ለማዳን!»

«ማን አድኚኝ አለሽ? ብባረርስ? ሥራ ሞልቷል! አንቺ ወድቀሽ፣ እጅሽ ተሰብሮ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አንቺን ስራገም!»

«ተራግመኸኛል?»

«አዎ!»

«ጎሽ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል! አንተስ? ‹በቀኝ ውጪ› ማለት ምን ይከብድ ነበር? አንዲት ቃል! ገመዱን እጄ ላይ ስታኖር፣ ጣቶቼን ስታጥፍ፣ ‹በቀኝ ውጪ› ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?»

ገሪው አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው።

«ጫማ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«የሚጠበኝ። ጫማ አይደለም።»

«ሰባት ወር ሙሉ አዲስ ጫማ! አውቃለሁ እንዳልሆነ!»

«ግራ ጉልበቴ አይታጠፍም። ልጅ ሆኜ ፈረስ ወድቆበት ነው። ባለጋጣውም አያውቅም፤ አንካሳ ገሪ ማን ይቀጥራል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ንዴቱ ግን አብሮት አልወረደም። «‹በቀኝ ውጪ› ብልሽ ‹ለምን?› ትይኛለሽ። ‹ለምን?› ካልሽኝ ላሳይሽ ነው። እናትሽ ከበረንዳ ሆነው እያዩኝ፣ ፋንድያ ዛቂነቴ አንሶ፣ አንካሳም ነኝ ልበልሽ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናትሽ ‹ከበር ይመለስ› ሲሉ ዋጥኩት።»

«ዋጥከው!» አለች። «አንተ የዋጥከው እኔን ነው ያነቀኝ! በጉልበትህ አፍረህ እጄን ሰበርክ! ልቤንም! እሱንም ይኸው ጋሪ ላይ ልታስር!»

«እኔ ነኝ የማስረው? የመለሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ ፈረሱ እንኳን ጆሮውን አቀና። «እኔ ነኝ የመለስኩት! በሾፌር ላክሁት፣ እንደ ዕቃ! ምን አጠፋህ ሳልለው! ማታ ማታ ገንዳው ጋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ እኔን የጠላኝ እየመሰለኝ ጠላሁት! አንተ ልትነግረኝ አትችልም፣ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ!»

ገሪው እጁን ወደ ፋሻዋ ዘርግቶ፣ ሳይነካት መለሰው።

ባለጋጣው ግን ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆይ፣ ቆይ። እስቲ በደንብ ይግባኝ። ‹ለጀማሪ ይሆናል› ብለህ በእጅህ የፈረምክለት ፈረስ ዶክተርን ሦስቴ ጥሏቸዋል?»

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በስቃይ የደበቀችውን ነገር በአንድ ንዴት ዘረገፈችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። «አይ፣ እሱማ፣ እኔ ነኝ…»

«አዎ፣ ጥሏታል» አለ ገሪው፣ ከፊቷ ቀደም ብሎ ቆሞ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጉልበቴን ደብቄ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ።»

«እሺ። ግን ምክንያቱ ይጻፍ። እኔን አባርር፤ እሱ ያለ ምክንያት አይሂድ።»

«ምን ለውጥ አለው? ተሸጧል!»

«አልተሸጠም» አለች የጥርስ ሐኪሟ። ወረቀቱን ከብብቱ መዘዘችው። «ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእናትዎ።»

«እናቴ ፈረስ ገዝታ አታውቅም። የገዛሁት እኔ ነኝ። የሙከራው ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው፤ ዛሬ አሥራ ስድስተኛው ነው። እኔ ካልፈረምኩ ፈረሱ አልተመለሰም። መኪናውን ሸኙት።»

እስክሪብቶ ተቀበለችና ወረቀቱን የአጥሩ እንጨት ላይ አስደግፋ፣ ምክንያት የሚለው ባዶ ቦታ ላይ በግራ እጇ ጻፈች። ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ይምሰል። «በዚህ ፈረስ ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው። የሚያውቀው ሰው አልተናገረም፤ የወደቀችው ሴት አልጠየቀችም። ፈረሱ ጥፋት የለበትም።»

ባለጋጣው አነበበውና ከንፈሩን አጣመመ። «ወረቀትማ ምን ይላል? እስቲ ይውጡበትና ልይ።»

«በዚህ እጅሽ አይሆንም» አለ ገሪው።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

በፈረሱ ዙሪያ ዞራ በቀኙ ቆመች። ዳማው አንገቱን መለስ አድርጎ ፋሻዋን አሸተተ። ገሪው ልጓሙን ያዘላት።

«ቀኝ እግርሽን…»

«አውቃለሁ።»

«ልጓሙን እንዳትስቢው…»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

ወጣች። አንጓዋን ሲነዝራት ዓይኗን ጨፈነች፤ መውደቂያዋን ጠበቀች። አልወደቀችም። ዳማው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ቆሞ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትንፋሹ በጭኗ ስር ሲያልፍ ተሰማት። አልጠላትም ነበር። አንድ ቀንም አልጠላትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ባለጋጣው እያየ፣ ጫኞቹ እያዩ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ገሪው ከታች ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑን እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ፈረሱ አላሸሸም።

*

መኪናው ባዶውን ሄዶ፣ እነሱ ከግቢው ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የገሪው ንብረት አንድ ሻንጣ ነው፤ ኮርቻው ላይ አሰረው። ጥቂት እንደሄዱ ገመዱን ዘርግታ ሰጠችው።

«ያዝ።»

«ምን ላድርገው?»

«መመለስ ትወጃለሽ አላልከኝም? ይኸው መለስኩት። ለባለጋጣው አይደለም፣ ላንተ። በሾፌር አይደለም፣ በእጄ።»

«ላንቺ እኮ ነው የሰጠሁሽ።»

«እኔና እሱ አልተስማማንም። ይሄ እውነት ነው፤ ያኔም እውነት ነበር። አንተን የለመደ ፈረስ ነው፣ ላንተ ነው የሚሆነው። እኔ አሮጊቷን ግራጫ እመርጣለሁ። የጻፍኩት ስለ ፈረስ ነበር።»

«ስለ ፈረስ ብቻ?»

«ስለ ፈረስ ብቻ!» ብላ ጮኸችበት። አንዲት ከበሯ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አየቻቸው።

ገመዱን ተቀበለ። የዳማውን ግንባር ዳበሰ። «ሥራ የለኝም። ጋጣም የለኝም» አለ።

«የአባቴ ጋጣ ባዶ ነው።»

«እናትሽስ?»

«‹ፈረሱ ይግባ፤ ፈረሰኛው ከበር ይመለስ› ብላለች። ዛሬ ፈረሰኛው ካልገባ እኔም አልገባም። በር ላይ አብረን እንቆማለን። እስኪመሽ ይቆማል፣ ቢያስፈልግም ይታደራል።»

መንገዱ ዳገት ሆነ። ገሪው ዘመም ማለቱ ጨመረ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። አየችው።

«አሞሃል?»

«የለም፣ ጫማዬ ነው…» አለና ቆመ። እሷም ቆመች። በዚያች ሰዓት ያየችው አስተያየት የመንጋጋ ጥርስ ይነቅላል።

«የቱ ነው?» አለችው። «በአፍህ ንገረኝ።»

ግራ ቀኝ አየ። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። አንገቱን ደፍቶ፣ «ግራው» አለ። «ግራው ነው። ዳገት አይወድም።»

ዞራ በግራው ቆመች። ደህነኛው እጇን በወገቡ አሻገረች፣ ትከሻዋን አቀበለችው። እሱ መጀመሪያ ክንዱን እንደ እንግዳ ዕቃ ቀለል አድርጎ አኖረው። «ተደገፍ!» አለችው። ያን ጊዜ ተደገፈ። ከባድ ነበር፤ እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። በሌላው በኩል ዳማው ገመዱ ላልቶ ይከተላቸዋል።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለችው።

«እኔም ተናድጄብሻለሁ» አለ፤ ክብደቱን ግን አልቀነሰላትም።